አውቶብስ የጠየቁት ገበሬዎች፦ የክላረንደን ካውንቲ ትምህርት ቤቶችና መምህራን

ጁላይ 28 ቀን 1947 ሌቪ ፒርሰን የተባሉ ጥቁር ገበሬ ለትምህርት ቦርድ ማመልከቻ አስገቡ። ቦታው በአሜሪካ፣ በደቡብ ካሮላይና ግዛት ውስጥ ያለው ክላረንደን ካውንቲ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከአቶ ሌቪ እርሻ እስከ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት 9 ማይል ያህል ይሆናል፤ ወደ 14 ኪሎ ሜትር። ካውንቲው ነጭ ተማሪዎችን የሚያመላልሱ 30 አውቶብሶች ነበሩት። ለጥቁር ልጆች አንድም አልነበረም። የአቶ ሌቪ ጥያቄ አጭር ነበር፦ ለእኛም ልጆች አውቶብስ ይመደብልን።

አውቶብሱ አልተሰጣቸውም። ከዚያ ማመልከቻ የተነሳው ክርክር ግን እያደገ ሄደ። ከሰባት ዓመት በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነጭና ጥቁር ተማሪን ለያይቶ ማስተማር ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሲወስን፣ ከፊቱ ከነበሩት አምስት ጉዳዮች አንዱ የክላረንደን ገበሬዎች ጉዳይ ነበር።

ዋሽንግተን፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን በየማለዳው ቢጫው አውቶብስ ላይ ያሳፍራሉ። ከአምስቱ ጉዳዮች አንዱ ከራሷ ከዋሽንግተን የመጣ ነው። ሌላው ከቨርጂኒያ ገጠር ነው። የክላረንደኑ ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰው ነው። ይህን ታሪክ ማወቅ ይገባናል የምለው ለዚህ ነው።

ጉዳዩ ሲነገር ብዙ ጊዜ ጠበቆቹና ዳኞቹ ጎልተው ይታያሉ። ሥራቸው ትልቅ ነው፣ ይገባቸዋል። እኔ ግን ገጠሩ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ። ማን ደፈረ? ማን ዝም አለ? ለምን? የእያንዳንዱ ሰው እንጀራ በማን እጅ እንደነበር ካላየን፣ መልሱ አይገኝም።

ጥጥና ዱቤ

ክላረንደን የጥጥና የትምባሆ አገር ነበር። ከአሥር ነዋሪ ሰባቱ ያህል ጥቁር ነው። አብዛኛው የራሱ መሬት የለውም። የነጭ መሬት እኩል ያርሳል፣ ወይም ተከራይቶ ያርሳል። የጭሰኛን ኑሮ ከአባቶቹ የሰማ ኢትዮጵያዊ ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። ገበሬው ዘሩን፣ ማዳበሪያውንና የዓመቱን ቀለብ በዱቤ ይወስዳል። አዝመራው ሲሰበሰብ ይተሳሰባሉ። መዝገቡን የሚይዘው ግን አበዳሪው ነው። ዓመቱ በዕዳ ያልቅና የሚቀጥለው በዕዳ ይጀምራል።

የራሱ መሬት ያለው ገበሬም ቢሆን ነፃ አልነበረም። ጥጡን የሚዳምጠው ፋብሪካ የነጭ ነው። ባንኩ የነጭ ነው። ማዳበሪያ ሻጩም፣ ኮምባይነር የሚያከራየውም እንደዚያው። የትምህርት ቦርዱ ሰብሳቢ አር. ደብሊው. ኤሊየት የእንጨት መሰንጠቂያ ባለቤት ነበሩ። የካውንቲው የትምህርት ኃላፊ ኤል. ቢ. ማኮርድ ደግሞ በማኒንግ ከተማ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ናቸው። መምህር የሚቀጥረው፣ ብድር የሚሰጠውና እሑድ የሚሰብከው ሁሉ የሚተዋወቅ፣ የሚጎራረስ ክበብ ነበር።

ትምህርት ቤቱም ከዚህ ሕይወት ተነጥሎ አያውቅም። በባርነት ዘመን፣ በ1740 ደቡብ ካሮላይና ባሪያን ጽሕፈት ማስተማር በሕግ ከለከለች። በ1834 ክልከላው ማንበብንም ጨመረ። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ፣ በ1868 የወጣው የግዛቱ ሕገ መንግሥት የመንግሥት ትምህርት ቤት ለሁሉም ክፍት ይሁን አለ። ያንን ሕገ መንግሥት ካረቀቁት ሰዎች ብዙዎቹ ራሳቸው ጥቁሮች ነበሩ። ግን አልቆየም። በ1895 የወጣው አዲስ ሕገ መንግሥት ነጭና ጥቁር ልጅ በአንድ ትምህርት ቤት እንዳይማር ደነገገ።

ስለዚህ ገጠሩ ለራሱ ትምህርት ቤት መሥራት ነበረበት። በመጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ተማሩ። ቀጥሎ ከጎኑ አንድ ወይም ሁለት ክፍል ያላት የእንጨት ቤት ቆመች። ከ1910ዎቹ ጀምሮ በደቡቡ ግዛቶች ብዙ የገጠር ትምህርት ቤት የተሠራው በጁሊየስ ሮዘንዋልድ ገንዘብ ድጋፍ ነው። ሰውዬው የቺካጎ ነጋዴ ናቸው፣ የሲርስ ሮበክ ኩባንያ ኃላፊ። ከጥቁሩ መምህር ከቡከር ቲ. ዋሽንግተን ጋር የጀመሩት ሥራ እስከ 1932 ድረስ ወደ 5000 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶችን አስገኘ። ደንቡ ግን ሰጪው ሙሉውን አይሰጥም የሚል ነበር። መንደሩ ራሱ ማዋጣት አለበት። ገበሬዎች ከጥጥ ማሳቸው ላይ ቁራሽ መሬት ለይተው፣ ምርቱን ለትምህርት ቤቱ ሸጠው አዋጡ። ጉልበታቸውን ሰጡ፣ እንጨት ቆረጡ። ግብር ከከፈሉ በኋላ የራሳቸውን ትምህርት ቤት እንደገና በኪሳቸው ሠሩ ማለት ነው። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

መምህሩ

የ1949 እና የ1950 የትምህርት ዘመን ቁጥሮች ተመዝግበው ይገኛሉ። ካውንቲው ለአንድ ነጭ ተማሪ 179 ዶላር፣ ለአንድ ጥቁር ተማሪ 43 ዶላር ያወጣ ነበር። ጥቁሮቹ 6531 ተማሪዎች፣ 61 ትምህርት ቤቶች። ነጮቹ 2375 ተማሪዎች፣ 12 ትምህርት ቤቶች። የ61ዱ ዋጋ አንድ ላይ ተደምሮ 194575 ዶላር ሲሆን፣ የ12ቱ 673850 ዶላር ነበር። የጥቁሮቹ ትምህርት ቤቶች ለምን በዙ ቢባል፣ አብዛኞቹ አንድና ሁለት መምህር ያላቸው፣ ለመውደቅ የደረሱ ጎጆዎች ስለሆኑ ነው።

በነጮቹ ትምህርት ቤት አንድ መምህር 28 ያህል ልጆች ያስተምራል። በጥቁሮቹ 47። እነዚህ 47 ልጆች ደግሞ አንድ ክፍል አይደሉም። ፊደል የሚቆጥረውም፣ ክፍልፋይ የሚማረውም በአንድ ቤት ውስጥ ነው። መምህርቷ ለትንንሾቹ ሰሌዳው ላይ ትጽፍላቸውና ወደ ትልልቆቹ ትዞራለች። ውሃ ከውጭ በባልዲ ይመጣል። መጸዳጃው ጓሮ የተቆፈረ ጉድጓድ ነው። ምድጃ የሚለኮሰው ወላጅ ባዋጣው ማገዶና ከሰል ነው። ጽዳት ሠራተኛ ስለሌለ መጥረጊያ የምትይዘው መምህርቷ ነች። የጥጥ ለቀማ ሲደርስ ክፍሉ ባዶ ይሆናል። እኩል አራሹ ልጁን ትምህርት ቤት ልላክ ቢል ባለመሬቱ አይወድም።

እናም ይህች መምህርት በመንደሩ የተከበረች ናት። የተማረች እሷ ነች። ደብዳቤ የምታነብላቸው፣ ፎርም የምትሞላላቸው እሷ ነች። ግን ውሏ በየዓመቱ የሚታደስ ነው። የሚያድሰው ደግሞ ያ ቦርድ ነው። ምክንያት መስጠት እንኳ አይጠበቅበትም። በሕዝቧ መካከል ከማንም በላይ ነገሩን የምታውቀው ሰው፣ ለመናገር ከማንም በላይ የታሰረች ነበረች።

በደመወዝ በኩል አንድ ትግል ተሞክሮ ነበር። በ1944 ቫዮላ ዱቫል የተባለች፣ በዚያው ግዛት በቻርልስተን ከተማ የምታስተምር ጥቁር መምህርት እኩል ደመወዝ ይከፈለኝ ብላ ከሰሰችና ተፈረደላት። ዳኛው ጄ. ዌቲስ ዋሪንግ ነበሩ። ስማቸውን ያዙት፤ ይመለሳሉ።

ሁለት እንጀራ የነበራቸው ሰው

ጆሴፍ አርምስትሮንግ ደሌይን በ1898 ማኒንግ አጠገብ ተወለዱ። አባታቸው ፓስተር ነበሩ። እሳቸው በጉልበት ሥራ እየለፉ ተምረው በ1931 ከአለን ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ። ከዚያም ሁለት ሥራ ያዙ። በጥቁሮቹ የአፍሪካ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ሆኑ፣ በአንዲት ትንሽ የገጠር ትምህርት ቤትም መምህርና ርዕሰ መምህር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማቲም መምህርት ነበሩ።

በ1947 በጋ ፓስተሩ አለን ዩኒቨርሲቲ ሳሉ የጥቁሮች መብት ማኅበር የግዛቱ ፕሬዚዳንት ጄምስ ሂንተን ንግግር አደረጉ። ማኅበሩ ዛሬም ያለው ኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ. ነው። ሂንተን የተማሪ አውቶብስ ጉዳይ ክስ እንደሚያስፈልገው ተናገሩ። የሚደፍር መምህርም ሆነ ሰባኪ ጠፋ ብለውም ወቀሱ።

ወቀሳው ለመምህራኑ የከበደ ይመስለኛል። አንዲት የገጠር መምህርት ብትናገር ሥራዋን በማግስቱ ታጣለች፤ የሚተካት ሌላ ደመወዝ የለም። ፓስተር ደሌይን ግን ሁለት ቦታ ይበሉ ነበር። ቦርዱ የመምህርነቱን እንጀራ ሊነጥቃቸው ይችላል። የቤተ ክርስቲያኑን ግን የሚሰጠው ጳጳሳቸው ነው፣ እሱ ላይ የቦርዱ እጅ አይደርስም። ድፍረታቸው የራሳቸው ነው፣ ማንም አልሰጣቸውም። ድፍረቱ መቆሚያ መሬት ያገኘው ግን በዚህ ምክንያት ነው ባይ ነኝ።

የአውቶብሱ ችግር ለመንደሩ አዲስ አልነበረም። የሳንቲ ወንዝ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ተገድቦ ማሪዮን የተባለው ሐይቅ ሲፈጠር መንገዶች በውሃ ተውጠው ነበር። ውሃው ሲሞላ አንዳንድ ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱት በጀልባ እየቀዘፉ ነው። የቀሩት በእግራቸው ይሄዳሉ። የነጮቹ አውቶብስ አቧራ እያለበሳቸው ያልፋል። ወላጆች ገንዘብ አዋጥተው አንድ ያገለገለ አውቶብስ ገዝተው ነበር። በየጊዜው ይበላሻል። ቢያንስ ነዳጁን ሸፍኑልን ብለው ቦርዱን ለመኑ። የተሰጣቸው መልስ ጥቁሮች ብዙ ግብር ስለማይከፍሉ ነጩን ግብር ከፋይ ለእነሱ ክፈል ማለት ተገቢ አይደለም የሚል ነበር።

የአቶ ሌቪ ዋጋ

ፓስተር ደሌይን ወደ ፒርሰን ወንድማማቾች የሄዱት የራሳቸው መሬት ስላላቸው ነው። ከመሬቱ የሚያፈናቅላቸው የለም። አቶ ሌቪ ፈረሙ። ማመልከቻው መልስ ሲያጣ በማርች 1948 ክስ ተመሠረተ። ጠበቃቸው የግዛቱ ዋና ከተማ የኮሎምቢያ ሰው ሃሮልድ ቡልዌር ነበሩ።

መሬት ያለው ሰው አይፈናቀልም፣ ሊራብ ግን ይችላል። የነጭ ሱቆችና ባንኮች ለአቶ ሌቪ ብድር ዘጉ። ማዳበሪያ የሚገዙበት ቢያጡ ዛፍ ቆርጠው ሊሸጡ አሰቡ። ግንዱን ሊወስድ የመጣው ሰው የከሳሹ ፒርሰን መሆናቸውን ሲያውቅ ትቶት ሄደ። እህሉ ሲደርስ ኮምባይነር የሚያከራያቸው ጠፋ። ሰብሉ ማሳው ላይ ቀረ። በቤታቸውም ላይ ተተኮሰ።

በጁን 1948 ክሱ ተዘጋ። ምክንያቱ እርሻቸው የሁለት የትምህርት ወረዳዎች ድንበር ላይ መሆኑ ነው። ግብር የሚከፍሉት በአንዱ፣ ልጆቻቸው የሚማሩት በሌላው ነው ተብሎ የመክሰስ መብት የለዎትም ተባሉ። አንድ ዓመት ሙሉ የደረሰባቸው ሁሉ በወረዳ ወሰን ውድቅ ሆነ። አቶ ሌቪ ግን አልተመለሱም። በካውንቲው የማኅበሩ ቅርንጫፍ ሲመሠረት ሊቀ መንበር ሆኑ።

107 ፊርማ

በማርች 1949 የክላረንደን ሰዎች ኮሎምቢያ ሄደው ከቱርጉድ ማርሻል ጋር ተገናኙ። ማርሻል የማኅበሩ ዋና ጠበቃ ናቸው፤ ኋላ ራሳቸው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት። ማርሻል ለአንድ አውቶብስ ብቻ አልሟገትም አሉ። ሕንፃው፣ መምህሩ፣ መጓጓዣው፣ ሁሉም እኩል ይሁን ብለን እንጠይቅ። ደግሞም አንድ ከሳሽ በቀላሉ ይሰበራል። 20 አምጡልኝ።

20 ሰው ለማግኘት ስምንት ወር ፈጀ። በመሃል ሌላ ነገር ፈነዳ። በሰመርተን ከተማ በስኮትስ ብራንች ትምህርት ቤት የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች በራሳቸው ርዕሰ መምህር ላይ ተነሱ። የሰበሰበው ገንዘብ የት ገባ? ለምን አያስተምረንም? ሰውዬው ጥቁር ነው፤ የቦርዱ ታማኝ ግን ነበር። ወላጆች ተሰብስበው ኮሚቴ መረጡ። ሰብሳቢው ማን ይሁን ሲባል ሁሉም ወደ ፓስተር ደሌይን ዞሩ።

ይህን ክፍል አንዳንድ ጸሐፊዎች እንደ ትንሽ ነገር ያልፉታል። ለእኔ ግን የጉዳዩ ልብ እዚህ ነው። ሩቅ ያለውን ሕግ ለመክሰስ ያመነቱ ወላጆች፣ ልጃቸውን ስለሚበድል መምህር ሲሆን አደባባይ ወጡ። ከዚህ በኋላ ፊርማ መሰብሰብ ቀለለ። ርዕሰ መምህሩ ከሥራው ተነሳ። ማኮርድ ትግሉን እንዲተዉ ሲሉ ያንኑ የርዕሰ መምህርነት ቦታ ለፓስተሩ አቀረቡላቸው። እምቢ አሉ። የተነሳው ርዕሰ መምህር ደግሞ ስሜን አጠፉ ብሎ ከሰሳቸው፤ ተፈረደባቸውም።

ኖቬምበር 11 ቀን 1949 ማመልከቻው ተጠናቀቀ። ወላጆችና ልጆች ተደምረው 107 ስም። በፊደል ተራ መጀመሪያ የመጣው ስም ሃሪ ብሪግስ ስለነበር፣ ክሱ ብሪግስ በኤሊየት ላይ ተባለ።

አቶ ሃሪ የባሕር ኃይል አርበኛ ናቸው። አምስት ልጆች ነበሯቸው። በአንድ ነዳጅ ማደያ 14 ዓመት ሠርተዋል። ስምህን አንሳ ተባሉ። አላነሳም አሉ። በገና ዋዜማ ከሥራ ተባረሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኢላይዛ በሞቴል አልጋ አንጣፊ ነበሩ። እሳቸውም ተባረሩ። አቶ ሃሪ መሬት ተከራይተው ሊያርሱ ሞከሩ፤ ጥጣቸውን የሚዳምጥ ፋብሪካ ግን ጠፋ። በመጨረሻ ሥራ ፍለጋ ቤተሰባቸውን ትተው ወደ ፍሎሪዳ ሄዱ። ሌሎች ፈራሚዎችም እንደየኑሯቸው ተቀጡ። እኩል አራሹ ከመሬቱ ተነሳ። ባለመሬቱ ብድር ተከለከለ። ፓስተር ደሌይን ከመምህርነታቸው ተባረሩ። ባለቤታቸው፣ ሁለት እህቶቻቸውና የእህት ወይም የወንድማቸው ልጅ የሆነች አንዲት መምህርትም ሥራቸውን አጡ።

ቻርልስተን

ክሱ መጀመሪያ የቀረበው ለእኩልነት ነበር። ትምህርት ቤቶቹ ተለያይተው ይቆዩ፣ ግን እኩል ይሁኑ። ጉዳዩ የደረሰው እነዚያው ዳኛ ዋሪንግ ዘንድ ነው። በኖቬምበር 1950 ዳኛው ማርሻልን ከዚህ አልፈው ራሱን መለያየቱን እንዲከስሱ ገፋፏቸው። ማርሻል ሃሳቡን ተቀበሉ። በዲሴምበር ክሱ እንደ አዲስ ቀረበ። ስለዚህ በአውቶብስ የተጀመረው ነገር አሁን የደቡቡን አጠቃላይ ሥርዓት የሚነካ ሆነ። የገበሬዎቹ ፈቃድ ከሌለ ይህ አይሆንም ነበር። ቀድሞ የፈረሙት ለሌላ ጥያቄ ነው፤ ይህ ደግሞ የባሰ አደጋ አለው። እንደገና ተጠየቁ፤ 20 ከሳሾች ጸኑ።

ችሎቱ ሜይ 28 ቀን 1951 ቻርልስተን ላይ ተከፈተ። ከክላረንደን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ገበሬዎቹ በሌሊት ተነስተው በተገኘው መኪና ሄዱ። አዳራሹ አልበቃ ብሎ ደረጃው ላይ ቆሙ። የግዛቱ ጠበቃ ገና ሲጀምር ተነስቶ ትምህርት ቤቶቹ እኩል አለመሆናቸውን አመነ። የምስክሮችን ጉልበት ለመስበር የታሰበ ብልጠት ነበር።

በዚያ ችሎት የሥነ ልቦና ምሁሩ ኬኔት ክላርክ መሰከሩ። ቀደም ብለው ክላረንደን ሄደው ከ6 እስከ 9 ዓመት የሆናቸው 16 ልጆች ፊት ነጭና ጥቁር አሻንጉሊት አቅርበው ነበር። 10ሩ ነጩን መረጡ። 11ዱ ደግሞ መጥፎ የምትመስለው የቷ ናት ሲባሉ ጥቁሯን አሳዩ። ይህ ምስክርነት በሌሎቹ ጉዳዮች ከቀረቡት መሰል ምስክርነቶች ጋር ኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ።

ጉዳዩን የሰሙት፣ ዳኛ ዋሪንግን ጨምሮ ሦስት ዳኞች፣ ሁለት ለአንድ ወሰኑ። ትምህርት ቤቶቹ እኩል ይደረጉ፤ መለያየቱ ግን ይቀጥላል። ብቻቸውን የተቃወሙት ዳኛ ዋሪንግ መለያየት በራሱ አለመተካከል ነው ብለው ጻፉ። የቻርልስተን ነጭ ማኅበረሰብ ለብዙ ዓመታት አግልሏቸው ነበር። በ1952 ጡረታ ወጥተው ወደ ኒው ዮርክ ሄዱ።

አውቶብሱ የመጣው በዚህ መሃል ነው። አገረ ገዢው ጄምስ በርንስ ፍርዱ ምን ሊሆን እንደሚችል ስላወቁ ቀድመው ተንቀሳቀሱ። 3 በመቶ የሽያጭ ታክስ ተጣለ። 75 ሚሊዮን ዶላር በቦንድ ተፈቀደ። በግዛቱ ሁሉ ለጥቁር ተማሪዎች አዳዲስ የጡብ ትምህርት ቤቶች ተሠሩ። የተማሪ ማመላለሻውንም ግዛቱ ራሱ ተረከበው። አራት ዓመት ገንዘብ የለም ሲባልለት የነበረው አውቶብስ ተገኘ። ልጆቹ በአንድ ክፍል ከሚቀመጡ ገንዘቡ ይውጣ ነበር ሃሳቡ። የ1947ቱ ቦርድ አንድ አውቶብስ ፈቅዶ ቢሆን ኖሮ ክሱ ምናልባት አይነሳም ነበር።

ሜይ 17 ቀን 1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ታሪክ ጉዳዩን የሚያውቀው በካንሳሱ ከሳሽ በብራውን ስም ነው።

መምህራኑ ከፍርዱ በኋላ

ፓስተር ደሌይን ገና በ1951 ቤታቸው ሰመርተን ውስጥ ተቃጥሎ ነበር። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቤቱ ከከተማው ወሰን ውጭ ነው ብለው ቆመው አዩ። ቤተ ክርስቲያናቸው ከእሳቱ በፊት ለደኅንነታቸው ሲል ሌክ ሲቲ ወደምትባል ከተማ አዛውሯቸው ነበር። በኦክቶበር 1955 እዚያ ያገለግሉበት የነበረው ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ። ከቀናት በኋላ በሌሊት ቤታቸው ላይ ተተኮሰ። እሳቸውም መኪናው ተለይቶ እንዲታወቅ ብለው መልሰው ተኮሱ። በዚያው ሌሊት ሸሹ። ኒው ዮርክ ገቡ። የእስር ማዘዣ የወጣው በተኳሾቹ ላይ ሳይሆን በእሳቸው ላይ ነው።

መምህራኑን ለመያዝ ደግሞ ሕግ ወጣ። በ1956 ደቡብ ካሮላይና የኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ. አባል የሆነ ሰው በመንግሥት ሥራ እንዳይቀጠር ደነገገች። ታዋቂዋ መምህርት ሴፕቲማ ክላርክ በዚህ ምክንያት ሥራዋን አጣች። ከሰመርተን በሐይቁ ማዶ ባለችው ኤሎሪ መምህራን ፎርም ቀረበላቸው። አባል ነህ ወይ? ልጆች ተቀላቅለው መማራቸውን ትደግፋለህ ወይ? 21 መምህራን አንመልስም ብለው ሥራቸውን አጡ። ከመካከላቸው የተወሰኑት ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ሳይወስን ግዛቱ በ1957 ሕጉን ሰርዞ በሌላ ተካው። እነዚህ 21 ሰዎች ሁለተኛ እንጀራ አልነበራቸውም። ስማቸው በየትምህርት ቤቱ ሊጠራ የሚገባ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ኪሳራ ነበር። በደቡቡና በአዋሳኝ ግዛቶች ትምህርት ቤቶች ሲቀላቀሉ የሚዘጋው የጥቁሮቹ ሆነ። ነጭ ወላጅ ልጁን ለጥቁር መምህር መስጠት አልፈለገም። ከ1954 እስከ 1965 ባለው ጊዜ ብቻ 38000 ያህል ጥቁር መምህራንና ርዕሰ መምህራን ሥራቸውን እንዳጡ ይገመታል። በ47 ልጅ መካከል ቆመው አንድ ትውልድ ያስነበቡት ሰዎች ናቸው።

በሰመርተን የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ተማሪዎች ወደ ነጮቹ ትምህርት ቤት የገቡት በ1965 ነው፣ ከፍርዱ 11 ዓመት በኋላ። በ1949 ያመለከቱት ልጆች በዚያን ጊዜ ራሳቸው ወላጆች ሊሆኑ ይችላሉ። በዚያው ዓመት ነጭ ቤተሰቦች የግል ትምህርት ቤት ከፈቱ። በ1970 ፍርድ ቤቱ ሙሉ ውህደት ሲያዝ የቀሩት ነጮችም ልጆቻቸውን አወጡ። የስኮትስ ብራንች ተማሪዎች ከዚያ በኋላም ከሞላ ጎደል ሁሉም ጥቁሮች ሆነው ቀሩ።

ፓስተር ደሌይን በ1974 በሰሜን ካሮላይና፣ ሻርሎት ከተማ አረፉ። ደቡብ ካሮላይና ክሱን የሰረዘችው በ2000 ነው። በ2003 የወጣ ሕግ ለእሳቸው፣ ለአቶ ሌቪ ፒርሰን፣ ለአቶ ሃሪና ለወይዘሮ ኢላይዛ ብሪግስ የኮንግረስ የወርቅ ሜዳሊያ ሰጠ፣ ለአራቱም ከሞቱ በኋላ። በ1956 የተባረሩት የኤሎሪ መምህራን በዚያ ዝርዝር ውስጥ የሉም።